ሰማንያ ሁለት ኪሎ

ደብተሩ እስከ ዛሬ አለኝ። ባለ 50 ሉክ ነው፤ ሽፋኑ በላብ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተበልቷል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰኞ ጥቅምት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ይላል። ከሥሩ «ቁጭ ብድግ፣ 26 ኪሎ፣ አምስት ዙር፣ በዙር አምስት» ተብሎ ተጽፏል። ረቡዕ 28። ዓርብ 30። ገጽ በገለጥሁ ቁጥር ቁጥሩ ይወጣል፤ የጥምቀት ሰሞን 80 ይደርሳል። ከዚያ በኋላ 82 ይመጣል፤ ከ82 በኋላም 82። እስከ ሐምሌ ድረስ 23 ጊዜ ጽፌዋለሁ። አንዳንዱ ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀዶታል።

ብረት ማንሳት ለሚጀምር ሰው አጀማመሩን የሚያሳየው አይጠፋም። ከጀማሪው ሥራ መቼ መውጣት እንዳለበት የሚነግረው ግን ጥቂት ነው፤ እኔ ተነግሮኝም አልሰማሁም። የሰማሁት ሐርላ ላይ፣ አንድ ድንጋይ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ነው።

የምንሠራው ድሬዳዋ ለገሀሬ አካባቢ፣ አንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ ነበር። ሰውየው ዕድሜውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ ያሳለፈ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ሼፍ» ይለዋል፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ይዞት ከመጣው ፈረንሳይኛ የቀረ ቃል ነው። ግቢው ውስጥ መስታወት የለም፣ ማሽን የለም። ከቆራሌው የተገዛ ወፍራም የውኃ ቧንቧ አለ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ አራት አራት ሊትር የሚይዝ የቀለም ጣሳ ተደርጎ ሲሚንቶ ተሞልቶበታል። አሸዋው ከደቻቱ ነው። ሲሚንቶ ደግሞ ለድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም፤ የአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ዘመን የተተከለው እዚሁ ነው። የጣሳው ሥራ ሲደርቅ መገላ ካለ ሱቅ ሚዛን ላይ ወጥቶ 26 ኪሎ መዘነ። እንደዚሁ የተሠሩት ሌሎች ሁለት ቧንቧዎች 40 እና 60 ነበሩ።

በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የምንሞላው በአሸዋ ነበር። ሼፍ አሸዋውን አንድ አንድ ኪሎ እየመዘነ በላስቲክ ያስረዋል፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ማሰሪያ ከቧንቧው ጫፍ ጋር ይጠፍረዋል። በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ፤ ሁለት ኪሎ ጨመርን ማለት ነው። ሁሉም ከሱብሂ አዛን በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ ይከናወናል። ፀሐይ ግንቡን ከነካችው ሼፍ ብረቱን ይሰበስባል፤ ለምኖ ያስቀረው ሰው አላየሁም።

የጀማሪው ሥራ በጣም ቀላል ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ያው ቁጭ ብድግ፣ ያው ከደረት መግፋት፣ ያው ከመሬት ማንሳት፤ በየቀኑ ትንሽ ጨምር። የሚሠራበትም ምክንያት አለው። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጉልበት የሚያገኘው ጡንቻው ስለፋፋ ብቻ አይደለም። ነርቮቹ ተኝቶ የኖረውን ጡንቻ መጥራት ይማራሉ፤ እግር፣ ወገብና ትከሻ አብረው መሥራት ይለምዳሉ። ክብደቱም ገና ቀላል ስለሆነ ሰውነት በሁለት ቀን ውስጥ ያገግማል። ሰኞ የደከመው እግር ረቡዕ ከሰኞው በርትቶ ይመጣል። ቶማስ ዲሎርም የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን በዚህ መንገድ፣ ክብደቱን ቀስ በቀስ እየጨመረ ሲያክም ቆይቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳትሟል። ከእሱ በፊት ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ይታዘዝ የነበረው ቀላል እንቅስቃሴን ደጋግሞ መሥራት ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው ቁጥሩን ነው። በዚያ ዓመት ቤታችን ውስጥ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር አልነበረም። አባቴ ታሞ ተኝቷል፣ እናቴ የምትሸጠው ዕቃ አልቋል፣ እኔ 11ኛ ክፍል ነኝ፤ ውጤቴ ባለበት ቆሟል። ደብተሩ ውስጥ ግን ሰኞ የጻፍኩት ረቡዕ በሁለት ኪሎ ይበልጥ ነበር። ትጋት ወዲያው ሲቆጠር ያየሁት በዚያ ግቢ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር መልቀቅ እንደሚከብድ ሳስበው ዛሬም ያን ልጅ አልወቅሰውም።

ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የጀመረ ጓደኛ ነበረኝ። የሐርላ ልጅ ነው፤ ለትምህርት ድሬ አክስቱ ጋ ይኖራል። ከእኔ ይረዝማል፣ አጥንቱ ሰፊ ነው፣ ሁላችንም እሱ ይበልጠናል ብለን ነበር። ታኅሣሥ ላይ 46 ኪሎ ሲደርስ ጥሎን ሄደ። መስታወት ያለው ጂም ገብቶ ነበር፤ እዚያ የውድድር ሰዎች የሚሠሩበትን ፕሮግራም ገልብጦ አመጣ። ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ እግር እያለ ስድስት ቀን ይሄዳል፤ ለክንድ ብቻ አምስት ዓይነት ሥራ አለው።

«አቦ፣ የእናንተማ የሕፃን ሥራ ነው» አለኝ።

ሼፍ ወረቀቱን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዓርብ ስንት አነሳህ?»

«46።»

«ረቡዕስ?»

«44።»

«ታዲያ ምን አጠፋ ብለህ ነው የምትጥለው?»

ጓደኛዬ መልስ አልነበረውም፤ ግን ሄደ። በየሁለት ቀኑ እየጨመረ የነበረ ልጅ እግሩን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ወደሚያሠራ ፕሮግራም ገባ። ፋሲካ ሲደርስ ገና 50 ላይ ነበር። ትከሻውን አሞት ተወው፤ ቀጥሎም ክረምቱን አያቱን ሊያግዝ ወደ ሐርላ ወጣ።

የእኔ ጥፋት የዚህ ተቃራኒ ነበር። ጥር መጨረሻ ላይ 82 ሲያቅተኝ ሼፍ አልተደነቀም። አጠገቤ ተቀምጦ ይጠይቀኝ ጀመር። ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ምን በላህ? ማክሰኞና ሐሙስ ምን ስትሠራ ትውላለህ? ማክሰኞና ሐሙስ ውኃ በጄሪካን ስሸከም፣ ከሰዓት አሸዋ ሜዳ ኳስ ስጫወት ነበር የምውለው። ኳሱን አስተወኝ። ውኃውን ማስተው አልቻለም፤ ነገር ግን በጀርባዬ መሸከሙን ትቼ በተውሶ ጋሪ እንዳመላልስ አደረገኝ። በዚህ መሃል ዐቢይ ጾም ገባ። «በሽሮና በምስር 82 የማያነሳ ሰው ደክሟል አይባልም፤ አልበላም ነው የሚባለው። ትንሣኤ ይለፍና እንተያያለን» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ 70 ላይ አቆየኝ። ዛሬ ሳስበው ከሰጠኝ ምክር ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ሰው በጾሙ፣ በሕመሙ፣ በፈተናው ሰሞን ብረቱ ስላቃተው ብቻ ሥራውን መለወጥ የለበትም፤ መጀመሪያ ሆዱና እንቅልፉ ይስተካከል።

ፋሲካ አለፈ። እንቁላል በላሁ፣ የግመል ወተት ጠጣሁ፣ በጊዜ ተኛሁ። ሼፍ ከ82 አንድ አሥረኛውን ያህል ቀንሶ ከ74 አስጀመረኝ። 76፣ 78፣ 80 አልፌ 82 ላይ ስደርስ እዚያው ሦስተኛው ዙር ላይ ቀረሁ። አሁንም አወረደኝ፣ አሁንም ወጣሁ፣ አሁንም 82። ግንቦት ሲጋመስ ሼፍ ነገሩን ጨረሰው።

«በልተሃል፣ ተኝተሃል፣ ሁለቴ ወርደህ ሁለቴ ወጥተሃል። ያቃተህ ቦታ አንድ ነው። ከዚህ በኋላ የአንተ ሁለት ቀን አይበቃህም። ሥራው ይለወጥ።»

እንቢ አልኩ። አንድ ወር ስጠኝ አልኩት፤ ወሩ ሲያልቅ ሌላ ወር ጠየቅሁ። ሼፍ አስገድዶ የሚያሠራ ሰው አልነበረም። መለወጥ መሸነፍ መስሎኝ ነበር። ጓደኛዬ ጥሎ ሲሄድ የደረሰበትን አይቻለሁ፤ የእኔ ታማኝነት ከእሱ ችኮላ የሚሻል ይመስለኝ ነበር። እሱ የሄደው እየጨመረ ሳለ እንደሆነ፣ እኔ ደግሞ የቆየሁት መጨመሬ ካቆመ በኋላ እንደሆነ አልለየሁትም። ሰኔ ላይ ወገቤ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ማለት ጀመረ። ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ይሰማኛል። ብረቱን ከመሸከሜ በፊት ልቤ ይመታል። ደብተሩን ግን በየቀኑ እጽፍ ነበር።

ሐምሌ ላይ ጓደኛዬን ልጠይቀው በሐረር ሚኒባስ ወጣሁ። ሐርላ ከድሬ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ደንገጎ የሚያወጣው ዳገት ላይ ያለ መንደር ነው። ማሽላው ወገብ ደርሶ ነበር። በማሽላው መሃል፣ በግንብ ቅሪቱ፣ በእርከኑ ላይ ለድሬ ልጅ ዓይን እንግዳ የሆኑ ድንጋዮች አሉ። ረጃጅም፣ ጎናቸው የተስተካከለ፣ የሆነ ሰው ጠርቦ የደረደራቸው። ገበሬው ሲያርስ የሸክላ ስባሪ፣ ዶቃ፣ የሩቅ አገር ሳንቲም ያገኛል። በአካባቢው የሚነገረውን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እዚህ የነበሩት ግዙፋን ናቸው፣ እነዚህን ድንጋዮች ሌላ ሰው ሊያነሳቸው አይችልም።

የጓደኛዬ አያት እርከን እየጠገኑ ነበር። እኔም እንደ እሱ አካኮ እላቸዋለሁ። ዝናቡ ካቡን ንዶት አንድ ትልቅ ድንጋይ ወደ ማሳው ተንከባሎ ወርዷል። ርዝመቱ የእኔን ቁመት ሊሆን ምንም አይቀረው። አካኮ ያን ጊዜ ሰባ ያለፋቸው፣ ክንዳቸው ቀጭን፣ ከእኔ ትከሻ የማይበልጡ ሰው ነበሩ። ሰላም ተባብለን ሆጃ እስኪቀዳ ድረስ ስለ ግዙፋኑ አጫወቱኝ። ያጫወቱኝ በኦሮምኛ ነው፤ ጓደኛዬ ያቃተኝን ቃል ይፈታልኛል። እየነገሩኝ ሳሉ ዘንጋቸውን አንስተው ወደ ድንጋዩ ሄዱ።

እኔ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ልይዘው ስል ጓደኛዬ በክንዱ መለሰኝ። አካኮ የዘንጉን ጫፍ ከድንጋዩ ሥር አስገቡ፤ ከዘንጉ በታች የጡጫ ያህል ጠጠር አስደገፉ። ከዚያ በዘንጉ ሌላ ጫፍ ላይ ተንጠለጠሉ ማለት ይቻላል። ድንጋዩ ተነሳ፤ አንድ ጣት ያህል። ጓደኛዬ በተከፈተው ቀዳዳ ሽብልቅ የሚመስል ድንጋይ ገፍቶ አስገባ። አካኮ ለቀቁት። ድንጋዩ ወደ ቀድሞው ቦታ አልተመለሰም። ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ፤ ጨዋታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ተነሱ፣ ዘንጉን ወደ ሌላኛው ጎን ወሰዱ፣ አሁንም አንድ ጣት።

እንዲህ ሆኖ ረፋዱ አለቀ። ድንጋዩ ወደ ካቡ የቀረበው ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። እኔ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር፤ ሦስት ሆነን ከገፋነው ዛሬውኑ ይደርሳል አልኩ። አካኮ ራሳቸውን ነቀነቁ። መሬቱ በዝናብ ርሷል፤ ድንጋዩ የቆመበት አፈር ተጨንቋል፤ አሁን ብንነቀንቀው ተንሸራቶ ወደ ታች ይሄዳል አሉ። ሽብልቁን በተረከዛቸው መታ መታ አድርገው አጠበቁት።

«ለዛሬ ይበቃዋል። አፈሩ ይርጋለት» አሉ።

መቼ እንደሚመለሱ ጠየቅኋቸው። ፀሐይ ከወጣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ካልወጣ በሳምንቱ። ትናንሽ ድንጋዮችን ግን ያን ቀንም ሲያነሱ ነበር፤ እያነሱ ካቡ ላይ ያኖሩ ነበር፤ ለእነዚያ ምንም አልጠበቁም። ይህን ሳይ ቆይቼ ነው የገባኝ። ቀላሉን በየቀኑ፣ ከባዱን በየሳምንቱ። እኔ ለ82 ኪሎ የሰጠሁት ዕረፍት ለ26 ኪሎ የሰጠሁትን ያህል ነበር።

ማታ ከጓደኛዬ ጋር ካቡ ላይ ተቀምጠን የድሬን መብራት ከታች እያየን ብዙ አወራን። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ 46 ኪሎው አነሳልኝ። «ያኔ ገና ሲጨምርልኝ ነበር» አለ። እኔም ስለ 23ቱ 82 ነገርኩት። አልሳቀብኝም። ወገቤን በመዳፉ ጫን አድርጎ «እዚህ ጋ ነው?» አለኝ።

ድሬ ወርጄ ለሼፍ እሺ አልኩት። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሙሉ ብረት እንዳልነካ ከለከለኝ። ከዚያ ሳምንቱን ከፋፈለው። ሰኞ 72 ኪሎ አምስት ዙር፤ ይህ ሰውነቱን የሚያደክመው ቀን ነው። ረቡዕ 60 ኪሎ ሁለት ዙር ብቻ፤ እግሬ ሥራውን እንዳይረሳ ነው እንጂ ሊያደክመኝ አይደለም። ዓርብ አንድ ዙር፣ አምስት ጊዜ፣ በሳምንቱ ውስጥ ካነሳሁት ሁሉ የሚበልጥ። ጭማሪው በሳምንት አንድ ኪሎ ሆነ፤ በቀኝ ግማሽ፣ በግራ ግማሽ። ሼፍ አዳዲስ ግማሽ ኪሎ የአሸዋ ጥቅሎች ሠራልኝ። በእጄ ስይዛቸው ብርቱካን አያህሉም ነበር።

ነሐሴ የመጀመሪያው ዓርብ ላይ 83 ኪሎ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። አራተኛው ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ። አምስተኛውን ይዤ ስወርድ ሼፍ «ቀስ» ብቻ አለኝ። ተነሳሁ። ግቢው ውስጥ ያሉት ልጆች አላጨበጨቡም፤ እነሱ የሚያውቁት እኔ 82 ላይ እንደምኖር ነው፣ አሸዋውን አልቆጠሩም። ሼፍ ብረቱን ከትከሻዬ ተቀብሎ ደብተሩን ራሱ ከመሬት አንስቶ ሰጠኝ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ጓደኛዬ ተመልሶ ከ26 ጀመረ። ትከሻው ድኖ ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ጠዋት፣ እሱ በየሁለት ቀኑ ሁለት ኪሎ ይጨምራል፣ እኔ በሳምንት አንድ። አንዳንድ ጊዜ አንዳችን የሌላውን ደብተር እናይ ነበር። ጥቅምት ሲገባ የእኔ 90 ደርሶ ነበር፤ የእሱ ገና ወደ ላይ ይሮጣል፤ ሼፍም ሩጫውን እንዳያቋርጠው ይጠብቀው ነበር።

ሰኔ 2009 ላይ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ሐርላ በዓለም ዜና ወጣች። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቲሞቲ ኢንሶል ከአገራችን የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆነው እዚያ ሲቆፍሩ ቆይተዋል። የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የብርና የነሐስ ጌጥ የሚሠራበት ቦታ፣ ከግብፅ የመጣ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሳንቲም፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ሸክላ አግኝተዋል። ሐርላ የሚለው ስም በዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ እንዳለ አስተማሪ ነግሮን ነበር፤ ነገር ግን ከማሽላው ሥር ከተማ አለ ያለን አልነበረም። እኔን ከሁሉ ያስቆመኝ የመቃብሩ ወሬ ነው። ወደ 300 ሰዎች ካረፉበት መቃብር የወጣው አፅም፣ የአዋቂውም የወጣቱም፣ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው አፅም ነው። ግዙፍ አልተገኘም።

ለጓደኛዬ ደወልኩለት። ሰምቷል። አካኮ ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁት። ዝም ብለው ሰምተው «ታዲያ እነሱም ዘንግ ነበራቸው» አሉ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ናይም ሱለይማኖግሉ የተባለውን የቱርክ ክብደት አንሺ ውድድር በቪዲዮ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ47 ሳንቲ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ በ60 ኪሎ ምድብ 190 ኪሎ ከራሱ በላይ አነሳ፤ ከራሱ ክብደት ሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሲያየው ሰው ትንሽ ነው ይላል። እኔ የምመለከተው ብረቱን ከመንካቱ በፊት የሚወስደውን ጊዜ ነው።

ሼፍ አሁን የለም። ግቢው ተሸጦ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ቧንቧዎቹ የት እንደደረሱ አላወቅሁም። ባለፈው ክረምት ሐርላ ወጥቼ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተከፈተ፣ መንደሩ ራሱ የሚያስተዳድረው የቅርስ ማዕከል አለ፤ ገብቼ ዶቃዎቹን አየሁ፣ ቀይ የሆኑት የምስር ፍሬ ያህላሉ። ከዚያ ጓደኛዬ ወደ ማሳው ወሰደኝ። አካኮ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ድንጋዩ በካቡ ውስጥ ተቀምጧል፤ ያ ክረምት ሳያልቅ አድርሰውት ነበር። በላዩ ሣር በቅሏል። ጎንበስ ብዬ በሥሩ እጄን ሰደድኩ። ሽብልቁ እዚያው ነበር፤ በአፈሩ ተይዞ፣ በተረከዛቸው እንዳጠበቁት።